ጋሼ ስልክ ላይ ያልተከፈተው ገጽ

ነገሩ የሆነው ሰኔ ላይ ነው። ጅማ ሰኔ ላይ ዝናብ ስትይዝ ታውቋታላችሁ። ቆርቆሮ ስር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ካልጮሁ አይሰማሙም። ጋሼ በርጩማ ከሚጠርቡባት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቅን ነበር። ጋሼ የሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ናቸው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ሲያወጡ ስንት ከሰዓት ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለ ሥራቸው ጽፌ ድረ ገጼ ላይ ካወጣሁት ሳምንት አልፎት ነበር።

«እስቲ ያንን የጻፍሽውን አሳዪኝ» አሉኝ። ስልኬን ላወጣ ስል «የለም፣ በራሴ ስልክ ነው የማየው፣ ለልጆቹም አሳያቸዋለሁ» ብለው የራሳቸውን አወጡ። ከገዙት ጥቅል 20 ሜጋባይት ገደማ ቀርቷቸዋል። አድራሻውን ጻፍኩላቸው።

ነጭ ገጽ መጣ። ክቧ ትዞራለች። ቆይቶ ከላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ከግማሹ ድረስ ታየና ቆመ። ከዚያ ጽሑፉ ገና ሳይመጣ «ኢሜይልዎን ያስገቡ» የሚል ሳጥን ስክሪኑን ሸፈነው። መዝጊያዋ ምልክት ከጥግ ላይ ያለች ጢኒጥ ነገር ናት፤ የጋሼ አውራ ጣት ደግሞ 40 ዓመት መጥረቢያ የያዘ ጣት ነው። ሦስቴ ነኩት፣ አልዘጋ አለ። ሌላ ቦታ ነክተው ሌላ ገጽ ከፈቱ። ተመልሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። ክቧ እንደገና ዞረች። ሁለተኛው ሙከራ መሀል ላይ እያለ አጭር መልእክት ገባ፤ ጥቅሉ አልቋል።

ጋሼ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። «ግድ የለም ልጄ፣ ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉኝ። የከፋኝ ይሄ ነው። ቢናደዱ ይሻለኝ ነበር። የራሳቸው ታሪክ ነው፤ ገንዘባቸውን ከፍለው ሊያነቡት ፈለጉ፣ እኔ የሠራሁት ገጽ ግን አላስገባ አላቸው።

ያን ማታ ገጹን በኮምፒውተር ከፍቼ ክብደቱን አየሁት። ብሮውዘር ላይ የገንቢዎች መሣሪያ የሚባለው ውስጥ ኔትወርክ የሚል ክፍል አለ፣ አንድ ገጽ ሲከፈት ምን ምን ፋይል እንደሚወርድና እያንዳንዱ ስንት እንደሚመዝን ይዘረዝራል። ድምሩ 11 ሜጋባይት። ሁለቴ ሞከርን፣ 22። የጋሼ ጥቅል የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። ጽሑፉ ብቻውን ግን 20 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም ነበር።

31 ፕለጊን

ወርድፕሬስ በሚባለው ድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሠራችሁ ሰዎች ይሄ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ሲያስፈልግ ፕለጊን (ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ይፈለጋል፣ «ጫን» የሚለው ይነካል፣ አለቀ። ነፃው ማውጫ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ፕለጊን አለ። እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ 31 አድርሻለሁ። አንዱም ያለ ምክንያት አልገባም። ፎቶ እያፈራረቀ የሚያሳየው ስላይደር ገጹ «ባዶ» እንዳይመስል ነው። የአየር ሁኔታ ማሳያው የጅማን ሙቀት ከጎን እንዲያሳይ ነው። የማጋሪያ ቁልፎች፣ የጎብኚ ቆጣሪ፣ ከታች የሚንሳፈፍ የውይይት ክብ፣ ሦስት የፎቶ ማሳያ (ሁለቱን መጫኔን ረስቼዋለሁ)፣ የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) መጫኛ፣ ያ ኢሜይል የሚጠይቀው ሳጥን።

ሁሉንም ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነበር፤ ምን እንደሚጨምርልኝ። ማሳያው ፎቶ ያማረ ነው፣ ኮከቡ ብዙ ነው፣ ጫንኩት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ገደሉ እኔ ዋይፋይ ላይ ተቀምጬ ስለምሠራ አይታየኝም ነበር። የሚታየው ጋሼ ስልክ ላይ ነው። አጋሮ ያለችው ተማሪ ስልክ ላይ ነው፣ ሊሙ ያለው የቡና ገበሬ ስልክ ላይ ነው።

ብዙ ፕለጊኖች የራሳቸውን የስታይልና የስክሪፕት ፋይል (መልኩንና እንቅስቃሴውን የሚወስነውን) ይዘው ይመጣሉ። ያንን ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚፈለጉበት ገጽ ላይ ብቻ አያወርዱትም፣ በሁሉም ገጽ ላይ ነው። የእኔ ገጽ ላይ የመልእክት ቅጽ ያለው «ያግኙን» የሚለው ላይ ብቻ ነው። የቅጹ ፋይሎች ግን የጋሼን በርጩማ ሊያነብ የመጣ ሰው ስልክ ላይም ይወርዳሉ። ፕለጊኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው አንባቢው ነው።

ጽሑፉን ስሠራ ጋሼን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። በርጩማው ለምን ሦስት እግር ብቻ እንዳለው። «መሬቱ መቼ ለጥ ያለ ነው?» አሉኝ። «ሦስት እግር የትም ብታስቀምጪው ይቆማል። አራተኛ ከጨመርሽበት ይንገዳገዳል፣ ስር ድንጋይ ፈልጊ ነው።» ይሄን በገዛ እጄ ጽፌ ድረ ገጼ ላይ አውጥቼዋለሁ። ያን ማታ የፕለጊኖቹን ዝርዝር እያየሁ ያቺው ዓረፍተ ነገር ተመለሰችብኝ። ሁለት ፕለጊን ሲጋጭብኝ ሦስተኛ ጭኜ አስታርቄ አውቃለሁ። ስር ድንጋይ ፍለጋ ማለት ይሄ ነው።

ማጥፋት ከመጫን ይከብዳል

በማግስቱ ማጥፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ግን ባክአፕ፣ ማለትም የገጹን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ወሰድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ነፃ ፕለጊን ፋይሉንም ዳታቤዙንም ቀድቶ ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልበል፤ ባክአፑን እዚያው ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ሰርቨሩ ከጠፋ አብሮ ነው የሚጠፋው። መልሳችሁ ጭናችሁ ያላያችሁትን ባክአፕም አትመኑት።

ሄልዝ ቼክ የሚባል ሌላ ፕለጊንም ጠቀመኝ። ፕለጊኖቹን ለእኔ ብቻ ያጠፋልኛል፣ ጎብኚው ግን ገጹን እንደወትሮው ያያል። ሁሉንም አጠፋሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራሁ ክብደቱን መዘገብኩ። ወረቀት ላይ። መብራት ሁለቴ ሄደብኝ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም፣ እኔም አላቆምኩም።

ውጤቱ አስደነገጠኝ። ስላይደሩ አምስቱንም ፎቶ በሙሉ መጠናቸው ያወርዳል፣ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ወደታች ቢወርድም። እሱ ብቻውን ከ6 ሜጋባይት በላይ። የአየር ሁኔታው ማሳያ ከሌላ ሀገር ሰርቨር መልስ እስኪያመጣ ገጹን ይዞ ያቆያል። ጅማ ያለ ሰው ዝናብ መኖሩን ከእኔ ገጽ አይሰማም። የውይይቱ ክብ ከጽሑፉ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ በዚያ የጻፈልኝ ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ብቻ ነው። አነሳሁትና በቦታው የቴሌግራም አድራሻዬን ተራ ሊንክ አድርጌ አስቀመጥኩ። አሁን በሳምንት ከአራት በላይ ይጽፉልኛል።

የገጽ መገንቢያው ላይ ስደርስ ግን ቸኮልኩ። ገጾችን እየጎተቱ የሚያስውቡበት ነው፣ ስሙን አልጠራም። በሄልዝ ቼክ ሳልሞክረው በቀጥታ አጠፋሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከዚያ በፊት የሠራኋቸው 40 ገደማ ገጾች በቅንፍ ኮድ ተሞሉ። ጽሑፉ አለ፣ ግን በየመስመሩ መሀል የመገንቢያው ትእዛዝ ተሰንቅሯል። መገንቢያው ጽሑፌን በራሱ ቋንቋ ነበር የሚያስቀምጠው፤ እሱ ሲሄድ የሚተረጉም አልቀረም። መልሼ አበራሁትና ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ወርድፕሬስ የራሱ ማዘጋጃ ገለበጥኳቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ለምርጫ የምጠቀምበት ትልቁ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። አሁን አንድ ፕለጊን ስመለከት ከምን ይሰጠኛል በፊት የምጠይቀው «ነገ ባጠፋው ጽሑፌ ምን ይሆናል?» ብዬ ነው። ካሽ (የተዘጋጀውን ገጽ አስቀምጦ የሚያፈጥነው) ቢጠፋ ገጹ ይዘገያል እንጂ ጽሑፉ አይነካም። ባክአፕ ቢጠፋ ሌላ እተካለሁ። ጽሑፌን የሚይዝ ነገር ግን እኔንም ይይዘኛል።

ባትታደሉና አንድ ፕለጊን ገጹን ጭራሽ ነጭ ቢያደርግባችሁ፣ መግባትም ቢከለክላችሁ፣ አትደንግጡ። በሆስቲንጋችሁ (ድረ ገጻችሁን ሰርቨሩ ላይ የሚያኖርላችሁ ድርጅት) የፋይል ማስተዳደሪያ ገብታችሁ ፕለጊንስ የሚለውን ፎልደር ስም ቀይሩት። ወርድፕሬስ ሲያጣቸው ሁሉንም ያጠፋቸዋል፣ እናንተም ትገባላችሁ። ከዚያ ስሙን መልሱና ጥፋተኛውን ፈልጉ።

በቴሌግራም የመጣው

ከ31ዱ አንዱን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። የሚከፈልበት ፕለጊን ነው፤ እኔ ግን አልከፈልኩበትም። እዚህ ሀገር በዶላር ካርድ መክፈል እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አንድ ወዳጄ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ ላከልኝ፣ ጫንኩት፣ ይሠራል። በጽዳቱ መሀል የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ሳይ እኔ ያልፈጠርኩት አስተዳዳሪ ተቀምጧል። ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አላውቅም።

ፕለጊን ማለት ገጻችሁ ውስጥ እናንተ የምታደርጉትን ሁሉ ማድረግ የሚችል ኮድ ነው። ቁልፍ ነው። ከማይታወቅ ሰው እጅ የመጣ ከሆነ ማን ምን እንደጨመረበት ማወቂያ የለም። ገንዘቡ ከሌለ ነፃውን መጠቀም፣ እሱም ከሌለ ያለ እሱ መኖር ይሻላል። ይሄን የምለው ካርድ ያለው ሰው ሆኜ አይደለም።

ከዋናው ማውጫ የመጣም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዲስፕሌይ ዊጀትስ የሚባል ወደ 200 ሺህ ድረ ገጽ የተጫነ ፕለጊን ለሌላ ባለቤት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት የተደበቀ ኮድ አስገባበት፣ ከማውጫውም ተባረረ። የጫኑት ሰዎች ምንም አላጠፉም፣ አፕዴት ነው ያደረጉት። ስለዚህ የጫኑትን ሰዎች ቁጥር ብቻ አላይም። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? በየትኛው የወርድፕሬስ ስሪት ተሞክሯል? የድጋፍ መድረኩ ላይ ሰው ሲጠይቅ የሚመልስ አለ? ዓመት ሙሉ ጥያቄ የተከመረበት ፕለጊን ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት ነው። ያጠፋችሁትንም ዝም ብላችሁ አትተዉት፣ ሰርዙት። የጠፋ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀር ቀዳዳ ካለው ቀዳዳው አብሮ ይቀራል።

ፊደላችን

የውጭዎቹ ምክሮች የማያነሱት አንድ ነገር አለ፣ እሱም ፊደላችን ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝም እሱ ነው።

የፎንት ፕለጊኔ ሦስት የግዕዝ ፎንት ያወርድ ነበር። የግዕዝ ፎንት ደግሞ ከላቲኑ ይከብዳል፣ ከ300 በላይ ፊደል መያዝ አለበት። የአሁን አንድሮይድ ስልኮች ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዘው ነው የሚመጡት። አይፎንም የራሱ አለው፣ ስሙ ከፋ ነው። ስሙን ሳይ ደስ ብሎኛል፣ የጎረቤታችን ስም ስለሆነ። አንባቢው ኪሱ ውስጥ ያለውን ፊደል እንደገና እያስወረድኩት ነበር ማለት ነው። ፕለጊኑን አነሳሁት፣ ያስተዋለ ሰው የለም።

ሁለተኛው የገጽ አድራሻ ነው። ርእሱን በአማርኛ ስትጽፉ ወርድፕሬስ ከሱ አድራሻ ያወጣል። አንዱ የግዕዝ ፊደል በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ሲገባ ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ ወርድፕሬስ ደግሞ ከ200 ምልክት በላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ርእሳችሁ 22 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ይቆረጣል። የተቆረጠውን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ሦስት መስመር የፐርሰንት ምልክት ይሆናል፣ ሰውም ይፈራዋል። ለዚህ ፕለጊን ሊፈልጉ ይችላሉ። እኔ ግን አድራሻውን በእጄ በላቲን ፊደል አጭር አድርጌ እጽፈዋለሁ። አስር ሰከንድ ነው።

ፍለጋው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። አንዱ «ሀገር»፣ ሌላው «አገር»። የወርድፕሬስ ፍለጋ ፊደል ለፊደል ነው የሚያመሳስለው፣ ድምጽ አይሰማም። አሁን ከጽሑፉ ግርጌ «በሌላ አጻጻፍ» የሚል አጭር መስመር እጨምራለሁ፣ ፍለጋው እዚያ ያገኘዋል። ይሄ ችግር የእኛ ነው፤ መፍትሔውን የሚጽፈው የእኛ ልጅ ቢሆን እመኛለሁ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ስንት ልጆች አሉ። እንዲህ ዓይነቱን ፕለጊን ብታመጡልኝ ዛሬውኑ እጭነዋለሁ።

የቀሩት

6 ቀሩ። ባክአፑ ቀርቷል። የመግቢያ ጥበቃ አለ፤ የይለፍ ቃል እየደጋገመ የሚሞክርን ይዘጋል፣ በስልኬም ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቀኛል። ገጹ ጉግል ላይ እንዲገኝ የሚረዳ የፍለጋ ሞተር ማስተካከያ አንድ ብቻ፣ በፊት ሁለት ነበሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደግመዋል። ፎቶ ማቅለያ። ቀላል የመልእክት ቅጽ፣ እሱም «ያግኙን» ላይ ብቻ እንዲወርድ ተደርጎ። እና ካሽ።

ካሹን ለእናቴ ያስረዳሁበትን ልንገራችሁ። ያለ ካሽ አንድ ሰው ገጽ በከፈተ ቁጥር ሰርቨሩ ቡናውን ከመቁላት ነው የሚጀምረው። ይቆላል፣ ይወቅጣል፣ ያፈላል፣ ያቀርባል። ሁለተኛው እንግዳ ሲመጣ እንደገና ከመቁላት። ካሽ የፈላውን ፔርሙስ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ለሚቀጥለው ይቀዳል ብቻ። ለቡና ይሄ ነውር ሊሆን ይችላል፣ ለድረ ገጽ ግን ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። አንድ ብቻ ይሁን እንጂ፤ ሁለት ካሽ እርስ በርሱ ይጋጫል። ሰርቨራችሁ ምን እንደሆነም ሆስቲንጋችሁን ጠይቁ፤ ለምሳሌ የላይትስፒድ ካሽ ገጽ የሚያስቀምጠው ሰርቨሩ ላይትስፒድ ከሆነ ነው።

አንዳንዶቹን ያነሳኋቸው ሥራቸውን ወርድፕሬስ ራሱ ስለጀመረው ነው። ፎቶ ሰው ወደሱ ሲደርስ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገው ከ5.5 ስሪት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ዌብፒ የሚባለውን ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይቀበላል። ፎቶ ከመጫኔ በፊት ደግሞ ስፋቱን 1200 ፒክስል አደርገዋለሁ። ስልኬ ያነሳውን 4 ሜጋባይት እንዳለ ጭኖ ፕለጊን እንዲያስተካክለው መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጨረሻ የጋሼ ገጽ 480 ኪሎባይት ሆነ።

ሁለተኛው ሙከራ

ነሐሴ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። የዚያን ቀን ፀሐይ ነበር። ጋሼ ግንድ ላይ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። «ያንን ነገር እንየው?» አልኳቸው። ስልኩን አውጥተው አድራሻውን ነኩ። ክቧ ሁለቴ ሳትዞር ጽሑፉ መጣ፣ ከስር ፎቷቸው። ምንም የሚዘጋ ሳጥን የለም።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ማንበብ ጀመሩ። እኔ ዝም አልኩ። መሀል ላይ ቆሙና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ልክ አይደለም» አሉኝ። «ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ደርቆ ነው የሚፈለፈለው ብለሻል። እኔ እንደዛ አላልኩሽም። እርጥቡን ነው የምፈለፍለው፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ደረቁን ብትመቺው መሮውን ነው የሚሰብርብሽ።»

ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ተጽፎ ቆይቷል። ማንም አልነገረኝም፣ የሚያውቁት ሰው ሊያነቡት አልቻሉም ነበርና። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ግንዱ ላይ ተቀምጬ አረምኩት።

«አሁንስ?» አልኳቸው።

ጋሼ ገጹን እንደገና ከፈቱት።